ሲልቨር ስፕሪንግስ፦ የአንድ ምንጭ የኃይል ሒሳብ

የምግብ ሰንሰለት ሲባል አብዛኞቻችን ከትምህርት ቤት የምናስታውሰው ሥዕል አለ። ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ጭልፊት፤ በመካከላቸው ቀስት። ሥዕሉ ማን ማንን እንደሚበላ ያሳያል። ስንቱ እንደሚበላ፣ ከተበላው ውስጥ ስንቱ ለቀጣዩ እንደሚተርፍ፣ ያልተበላውስ የት እንደሚገባ ግን አይናገርም። ይህን በቁጥር ለመመለስ ከተሠሩት ቀደምት ሥራዎች መካከል እስካሁን የሚጠቀሰው፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ኦካላ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግስ በተባለ ምንጭ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ሥራውን የመራው የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሃዋርድ ኦደም ሲሆን ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

ከእሱ በፊት መንገዱን የጠረገው ሬይመንድ ሊንደማን ነበር። ሊንደማን በሚኒሶታ አንዲት ትንሽ ረግረጋማ ሐይቅ አጥንቶ፣ ሕያዋንን በዝርያ ስማቸው ሳይሆን ኃይል በሚያገኙበት ደረጃ መመደብን አስተዋወቀ። ዋናው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲታተም እሱ በ26 ዓመቱ አርፎ ነበር። የኦደም ምንጭ የሊንደማንን ሐሳብ ከዳር እስከ ዳር በሒሳብ የፈተነ ሥራ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ቦታው ለምን ተመረጠ

ሲልቨር ስፕሪንግስ ከከርሰ ምድር የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚፈልቅ ግዙፍ ምንጭ ነው። በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ሲያፈልቅ የኖረ ሲሆን፣ ከምንጩ የሚነሳው ሲልቨር ወንዝ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ ኦክላዋሃ ከተባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ውኃው እጅግ ጥርት ያለ በመሆኑ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወለላቸው መስታወት በሆነ ጀልባዎች ጎብኚዎች ታቹን እየተመለከቱ ይንሸራሸሩበታል። ጎብኚዎቹን እናቆያቸው፤ ሒሳቡ ውስጥ ኋላ ራሳቸው ይገባሉ።

ለተመራማሪ የሚማርከው ግን ውበቱ አይደለም። የውኃው ሙቀት በጋ ከክረምት 23 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከመሬት ሲወጣ የያዘው ማዕድንም ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። በተራ ሐይቅ ላይ የዓሣ ብዛት ቢቀንስ ምክንያቱ ብርዱ ነው፣ ጎርፉ ነው፣ ድርቁ ነው ወይስ ምግቡ ብሎ መለየት ያስቸግራል። እዚህ ከብርሃን በቀር ሌላው ሁሉ ቦታው ላይ ረግቶ ስለሚቆይ፣ የኃይሉን መንገድ ሌላ ነገር ሳይሸፍነው መከተል ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የወንዙ ፍሰት ነው። ውኃው ከምድር ሲወጣ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው። ቀን ላይ በውኃ ውስጥ ሣርና በአልጌ ላይ ሲያልፍ ኦክስጅን ይጨመርበታል፤ ሌሊት ደግሞ ሁሉም ስለሚተነፍስ ይቀነስበታል። ምንጩ አፍ ላይ አንድ ጊዜ፣ ወደታች ወረድ ብሎ ሌላ ጊዜ ውኃ ቀድቶ ኦክስጅኑን መለካት፣ ከዚያ ልዩነቱን ማስላት ነው። የቀኑ ጭማሪ ዕፅዋቱ ምን ያህል እንዳመረቱ፣ የሌሊቱ ቅናሽ ደግሞ መላው ማኅበረ ሕያው ምን ያህል እንደተነፈሰ ይናገራል። ከአየር ወደ ውኃ የሚገባውና የሚወጣው ኦክስጅን ታርሞ ሲታከልበት ምንጩ በ24 ሰዓት ያገባውና ያወጣው ይታወቃል። አንድም ቅጠል ሳይቀጠፍ የአንድ ሥርዓተ ምህዳር ትንፋሽ ይለካል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ የዕፅዋቱ የቀን ትንፈሳ ከሌሊቱ ጋር እኩል ነው ተብሎ ይታሰባል። ይህ ግምት ምርቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሳያሳይ አይቀርም።

ከፀሐይ የጀመረው

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ዓመት የሚያልፍ ኃይል ሲሆኑ መለኪያው ኪሎ ካሎሪ ነው።

በምንጩ ላይ በዓመት 1,700,000 ኪሎ ካሎሪ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ዕፅዋቱ ዘንድ ደርሶ የሚዋጠው 410,000 ያህሉ ነው። የቀረው ይንጸባረቃል፣ በውኃው ይዋጣል፣ ወይም ዕፅዋቱ ሊጠቀሙበት የማይችሉት ዓይነት ብርሃን ነው። ከተዋጠው ውስጥ በብርሃን አስተፃምሮ ወደ ስኳርነት የተለወጠው 20,810 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ከተዋጠው 5 በመቶ፣ ከወረደው 1.2 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ዝቅተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግስ ከምድር ምርታማ ከሚባሉት ውኃዎች አንዱ ነበር።

ይህን የሚያመርቱት እነማን ናቸው? ከጀልባው መስታወት ሥር የሚታየው ሳጂታሪያ የተባለ ረጅም፣ ጥብጣብ የሚመስል የውኃ ሣር ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ቅጠሉ ለብቻው አይደለም። ከሥር እስከ ጫፍ ቡናማ አረንጓዴ ለምጽ የመሰለ ሽፋን ለብሷል። ሽፋኑ በጣት ሲዳሰስ ያሙለጨልጫል፤ በውስጡ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች፣ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን ነፍሳት ታጭቀዋል። ፀሐይ ስትበረታ የኦክስጅን አረፋዎች በቅጠሉ ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየተላቀቁ ወደ ላይ ይወጣሉ። ዓይን የሚያየው ሣሩን ቢሆንም ከምርቱ ትልቅ ድርሻ ያለው ይህ ሽፋን ነው። ቀንድ አውጣው ሣሩን ሲያኝክ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ሽፋኑን እየፋቀ ነው።

ከተመረተው 20,810 ውስጥ ዕፅዋቱ ራሳቸው 11,977ቱን በትንፈሳ ያቃጥሉታል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሣር ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ሕዋሳቱን ይጠግናል፣ ፕሮቲን ይሠራል፣ ጨው ይስባል፤ ሁሉም ወጪ አለው። ለተቀረው ዓለም የሚተርፈው የተጣራ ምርት 8,833 ነው። ቀንድ አውጣው፣ ኤሊው፣ ዓሣው፣ ባክቴሪያው፣ ሁሉም የሚኖሩት በዋናነት በዚህ ነው።

እየቀጠነ የሚሄደው ሰንሰለት

ዕፅ በሎቹ ቀንድ አውጣዎች፣ ኤሊዎች፣ የነፍሳት እጮችና ሙሌት የተባለው ዓሣ ናቸው። ሙሌቱን ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን። እነዚህ በድምሩ 3,368 ኪሎ ካሎሪ ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ። ከዚህ 1,890 በትንፈሳ ይወጣል፤ ሥጋ ሆኖ የሚቀረው 1,478 ነው።

በሚቀጥለው ደረጃ ትናንሽ ሥጋ በል ዓሦችና ነፍሳት አሉ። የሚያገኙት 383 ነው። ከፊታቸው 1,478 ተዘጋጅቶ ሳለ ለምን 383 ብቻ? ቀሪው ሳይበላ ስለሚሞት፣ ወይም ቅርፊትና ዛጎል ሆኖ ስለማይፈጭ፣ ወይም ከአካባቢው ስለሚወጣ ነው። ደረጃ በደረጃ የሚጠፋው ኃይል ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ተበልቶ በሙቀት መልክ የሚወጣው፣ ሌላው ሳይበላ ወደ ሌላ መንገድ የሚሄደው። ትምህርት ቤት የምንማረው ሁለቱን ቀላቅሎ «ጠፋ» ይላቸዋል። ሁለተኛው ግን አልጠፋም፤ ሌላ በላተኛ አለው።

ትናንሾቹ ሥጋ በሎች ከ383ቱ 316ቱን በትንፈሳ ይጨርሳሉ። ይህ ከ80 በመቶ በላይ ነው። ዕፅዋቱ ያቃጠሉት 58 በመቶ፣ ዕፅ በሎቹ 56 በመቶ ገደማ እንደሆነ አስታውሱ። አሳዳጅ ከቋሚ የበለጠ ያወጣል። ማደን፣ መሮጥ፣ መሳት፣ እንደገና መሮጥ ኃይል ይበላል። የሚተርፈው 67 ነው። ከዚያ ላይ ትልልቁ ባስ ዓሣና መሰሎቹ 21 ኪሎ ካሎሪ ያገኛሉ፤ 13ቱን ተንፍሰው 8 ያህል ይቀራል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይጠቅማል። 1,700,000ን ለ21 ብናካፍል 81,000 ገደማ እናገኛለን። በላይኛው ደረጃ ላለው ዓሣ አንዲት ካሎሪ ትደርሰው ዘንድ 81,000 ካሎሪ ፀሐይ ይወርዳል። ሰንሰለቱ ለምን አምስተኛ፣ ስድስተኛ ደረጃ እንደማይኖረው ከዚህ ይታያል። በቀን 1,000 ኪሎ ካሎሪ የሚፈልግ አንድ እንስሳ በእነዚያ ትልልቅ ዓሦች ብቻ መኖር ቢያምረው፣ ከአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 8 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ስለሚያገኝ ከ45,000 ካሬ ሜትር በላይ ግዛት ላይ ያለውን ትራፊ ሙልጭ አድርጎ መብላት አለበት፤ ያውም አንድ ሳያመልጠው። ስለዚህ በጫፉ ላይ ያሉ እንስሳት ጥቂት ናቸው፣ ሰፊ ቦታ ይሻሉ፣ ብዙዎቹም አንድ ዓይነት ምግብ ላይ አይወሰኑም።

በክብደት ሲታይም ቅርጹ ያው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር በደረቅ ክብደት አምራቾቹ 809 ግራም፣ ዕፅ በሎቹ 37፣ ሥጋ በሎቹ 11፣ ላይኞቹ 1.5 ግራም ነበሩ። የሞተውን የሚያፈርሱት አበስባሾች ደግሞ 5 ግራም። ይህች 5 ግራም ትንሽ መስላ የምታሳስት ናት።

አምስት ግራም የሚሠራው ሥራ

የትምህርት ቤቱ ሥዕል አበስባሾችን ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ እንጉዳይ ይሥልላቸዋል። በሲልቨር ስፕሪንግስ ግን ባክቴሪያዎቹና ሌሎቹ አበስባሾች 5,060 ኪሎ ካሎሪ ይወስዳሉ። ዕፅ በሎቹ ከወሰዱት 3,368 ይበልጣል። ከዚያ 4,600ውን ተንፍሰው 460ውን ሰውነታቸው ያደርጉታል። በአንድ ካሬ ሜትር 5 ግራም የሆነ ሕያው አካል 37 ግራም ከሚመዝኑት ዕፅ በሎች ሁሉ የበለጠ ኃይል ያንቀሳቅሳል፤ ምክንያቱም ትናንሾቹ ፍጥረታት በክብደታቸው ልክ ሲታዩ እጅግ ፈጣን ናቸው። ይኖራሉ፣ ይከፈላሉ፣ ይሞታሉ፣ ሁሉም በሰዓታት ውስጥ። የአንድን ነገር ድርሻ በክብደቱ የሚመዝን ሰው እዚህ ይስታል። እኔ በግሌ ይህን የጥናቱ ምርጥ ክፍል አድርጌ ነው የማየው፤ ከባስ ዓሣው ይልቅ።

ዳቦው

አሁን ጎብኚዎቹ ይግቡ። በመስታወት ጀልባ የሚሄዱት ሰዎች ለዓሦቹ ዳቦ ይጥሉ ነበር። ኦደም ይህን እንደ ቀልድ አላለፈውም፤ ከሒሳቡ ውስጥ አስገባው፤ በዓመት በካሬ ሜትር 486 ኪሎ ካሎሪ። ቁጥሩ ከሙሉው ምርት አንጻር ጥቂት ነው፤ 2 በመቶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ከ383ቱ ጋር ሲነጻጸር ግን ይደንቃል። ትናንሾቹ ሥጋ በሎች ሁሉ በዓመት ካገኙት ኃይል የበለጠ ከሰው እጅ ወደቀ። ስንዴው የበቀለው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ፀሐይ ነው፤ ኃይሉ ግን የሚተነፈሰው እዚህ ነው። ሥርዓተ ምህዳር የተዘጋ ሳጥን አይደለም የሚለውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

ዳቦው ገቢ ከሆነ ወጪም አለ። ወንዙ ቅጠል፣ አልጌና ብናኝ እየጠረገ ወደ ታች ይወስዳል፤ በዓመት 2,500 ኪሎ ካሎሪ። አሁን ሒሳቡን እንዝጋው። የገባው የዕፅዋቱ 20,810 እና የዳቦው 486 ነው፤ ድምሩ 21,296። የወጣው? የዕፅዋቱ ትንፈሳ 11,977፣ የዕፅ በሎቹ 1,890፣ የሥጋ በሎቹ 316፣ የላይኞቹ 13፣ የአበስባሾቹ 4,600። ድምሩ 18,796። ወንዙ የወሰደው 2,500 ሲጨመርበት 21,296። ልክ ነው። በመስክ የተለካ ነገር እንዲህ ሳንቲም ሳይጎድል ሲገጥም ከልኬቱ ትክክለኛነት ይልቅ የአሠራሩን ጠባይ ያሳያል፤ አንዳንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ተቀንሶ የተገኘ መሆን አለበት። ቢሆንም መዋቅሩ ግልጽ ነው፤ ወደ ምንጩ የገባ ኃይል ወይ በሙቀት ወጥቷል ወይ በወንዙ ተወስዷል። ማዕድናት ይሽከረከራሉ፤ ኃይል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል።

«አሥር በመቶ» የሚባለው

ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል 10 በመቶ ነው የሚል ደንብ በየመጽሐፉ አለ። የምንጩን ቁጥሮች በዚህ እንፈትሽ። ከአምራች ወደ ዕፅ በል 3,368 ሲካፈል ለ20,810፣ 16 በመቶ። ከዕፅ በል ወደ ሥጋ በል 11 በመቶ። ከዚያ ወደ ላይኛው 5.5 በመቶ። አማካዩ 10 አካባቢ መሆኑ ደንቡ ከየት እንደመጣ ያስረዳል፤ ዝርዝሩ ግን ደንብ እንዳልሆነ ያስረዳል። የበላተኛው ዓይነት ይወስነዋል። ቀዝቃዛ ደም ያለው ዓሣ ሰውነቱን ለማሞቅ ኃይል አያወጣምና ከበላው የበለጠ ድርሻ ሥጋ ያደርጋል፤ ወፍና አጥቢ እንስሳ ደግሞ አብዛኛውን ለሙቀት ያቃጥላሉ። የምግቡ ዓይነትም ይወስናል፤ ስስ አልጌ ይፈጫል፣ ግንድ አይፈጭም። ስለዚህ በሌላ ቦታ ያለ ሥርዓተ ምህዳር ላይ 10ን ይዞ መሄድ ለትምህርት መግቢያ ያገለግል ይሆናል፤ የዓሣ ምርት ለመገመት ግን አደገኛ ነው።

ሰንሰለቱ ሲቆረጥ

የኦደም ጥናት ከዚያ በኋላ የመጣውን ለማነጻጸር መነሻ ሆነ። ይህ የጉዳዩ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የበለጠም የሚያስተምር።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሲልቨር ወንዝ የሚገባበት የኦክላዋሃ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ፍሎሪዳን አቋርጦ ጀልባ እንዲያልፍ የታሰበ ቦይ አካል ነበር። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1971 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ትእዛዝ ቆመ፤ ግድቡ ግን ቀረ። ሙሌት የሚራባው ባሕር ውስጥ ነው። ከባሕር ተነሥቶ በወንዙ ሽቅብ ወደ ምንጩ ይመጣ የነበረው ዓሣ በግድቡ ምክንያት መንገዱ ተዘጋበት። እንደ ካትፊሽ ያሉ ሌሎች ተጓዦችም እንዲሁ። የምንጩ ሣር አልቀነሰባቸውም፤ ፀሐይም አልጎደለም። በኋላ ምንጩን እንደገና የለኩ ተመራማሪዎች ካገኙት ውስጥ ግልጹ ነገር የዓሣው ክብደት ከአምራቾቹ ይልቅ እጅግ በፍጥነት ማሽቆልቆሉ ነበር።

ስለ ምግብ ሰንሰለት ስናስብ ችግር ሁሌ ከሥር የሚነሳ ይመስለናል፤ ሣር ሲጠፋ ዓሣ ይጠፋል። እዚህ የሆነው የተለየ ነው። ምርቱ እያለ የሚበላው ተነሣ። ሙሌት ይፍቀው የነበረው ሽፋን ሲተርፍ ምን ይሆናል? ወይ ወደ ወንዙ ይጠረጋል፣ ወይ በሌላ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። ከሦስቱ የመጨረሻው ወደ አበስባሾቹ ይሄዳል፤ እነሱም እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ኃይሉ አልጠፋም፣ መንገድ ቀየረ። ለዓሣ አጥማጁ ግን በትልቅ ዓሣ የማይመጣ ኃይል እንዳልነበረ ነው።

ሁለተኛ ለውጥም ተከትሏል፤ ከታች በኩል። በ1950ዎቹ በምንጩ ውኃ ውስጥ የነበረው ናይትሬት በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም የማይሞላ ነበር፤ ከዚያ ከ1 ሚሊ ግራም አልፏል። ምንጩን ወደሚመግበው ከርሰ ምድር ማዳበሪያና ፍሳሽ ሲሰርግ የቆየ ነው። የናይትሬቱ መጨመር ብቻውን ሲታይ ተጨማሪ ምግብ ነው፤ ለሳጂታሪያ የሚጠቅም ይመስላል። ግን ማዳበሪያው የሚፈልገውን ተክል መርጦ አያበቅልም። የተትረፈረፈ አልጌ ሳር ላይ ተንጠልጥሎ ብርሃን ይከለክላል፤ የሣሩ ቦታ ጠቦ ቡናማ ምንጣፍ ሲተካው፣ ለቀንድ አውጣው የሚመቸው ስስ ሽፋን በሚያስጠላ ወፍራም ክምር ይተካል። የውኃው መጠንም ከሚቀዳው የከርሰ ምድር ውኃ ጋር እየቀነሰ መጥቷል፤ ፍሰት ሲዳከም ብናኙን የሚጠርገው ጉልበትም አብሮ ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ቦታው የግዛቱ ፓርክ ሆኗል። ጀልባዎቹም አሉ። ግድቡ ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ግን አሥርት ዓመታት ቆጥሯል። ወንዙ ነጻ ይሁን የሚሉት ሙሌቱ እንዲመለስ ይፈልጋሉ፤ ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ውስጥ ባስ የሚያጠምዱት ደግሞ ሐይቁ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። የሁለቱም ዓሣ ነው፤ አንዱ ከታች ጀምሮ የሚፍቅ፣ ሌላው ከላይ የሚያድን። የኦደምን ሠንጠረዥ ይዞ ወደዚህ ክርክር የሚገባ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዓሣው ስንት ነው ብሎ አይደለም፤ 3,368 የነበረው መስመር ዛሬ ማን ይዞታል ብሎ ነው።